ምላጭን በተፈጥሮ ድንጋይ ማለስለስ፤ ከድፍድፍ እስከ ንጹሕ ውኃ

ታጣፊ ምላጭ ከአያት ሣጥን ይውጣ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ያምጣው፣ ቅዳሜ ገበያ ከአሮጌ ብረታ ብረት መካከል ይገኝ፣ ባለቤቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ድንጋይ ልግዛ?» የቤልጂግ፣ የጃፓን፣ የአርካንሳስ ሲባል ሰምቷል፤ ዋጋቸውንም አይቶ ደንግጧል። ጥያቄው ግን ቦታውን ስቷል። ማለስለሻ ድንጋይ የዶለዶመ ምላጭ አይስልም። የተሳለው ምላጭ ፊትን ሳያቃጥል እንዲላጭ ያደርጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። «ድንጋዩ አልሠራልኝም» ከሚሉት ብዙዎቹ ሳይስሉ ለማለስለስ የተቀመጡ ናቸው።

በአማርኛ «ስለት» ሁለት ነገር ነው፤ ለታቦት የሚሳሉትም፣ ብረት ላይ የሚያወጡትም። ሁለቱም የሚደርሱት ለታገሠ ነው።

መጀመሪያ በቃላት እንስማማ። ምላጩ በቁመናው ሽብልቅ ነው፤ ወፍራሙ ወገን ጀርባ፣ ቀጭኑ ስለት። በእጀታው በኩል ያለውን የስለት ዳር ተረከዝ፣ ወዲያኛውን ጫፍ እንበለው። ጎኖቹ ተጎድጉደው የተሠሩ ስለሆኑ ምላጩ ድንጋይ ላይ ሲተኛ የሚነካው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ጀርባውና ከስለቱ ሥር ያለችው ክር የምታክል ጠባብ ገጽ። ይህችን ገጽ ተዳፋት እላታለሁ። በየጎኑ አንድ አንድ ተዳፋት አለ፤ ሁለቱ ሲገናኙ ስለት ይወጣል። ካልተገናኙ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ብረት ማብለጭለጭ ነው።

ማዕዘኑን እጃችሁ አይወስነውም፤ ጀርባው ነው የሚወስነው። ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር፣ የጀርባው ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነ ምላጭ 16 ዲግሪ ተኩል ያህል ማዕዘን ይሰጣል። ስለዚህ እንደ ቢላዋ ጀርባን ከፍ አድርጎ መሳል የለም። ጀርባና ስለት ሁልጊዜ አብረው ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ። ጀርባው እንዳይበላ አንዳንዱ ሰው አንድ ድርብ ናስትሮ ይለጥፍበታል። ውፍረቱ 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነ ናስትሮ በሁለቱም ጎን ሲታሰብ ማዕዘኑን አንድ ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይጨምራል። መለጠፉ ምርጫ ነው፤ ግዴታው ሌላ ነው፤ በናስትሮ የጀመረ በናስትሮ ይጨርሳል። መሐል ላይ ያነሣው ሰው ጀርባው ዝቅ ስለሚል ስለቱ ድንጋዩን መንካት ያቆማል፤ የሚታሸው ከስለቱ በላይ ያለው ብረት ብቻ ይሆናል። ናስትሮው በየድንጋዩ ይቀየር፤ ሲሳሳ አንዱ ጎን ከሌላው ይለያል።

ከማለስለሻው በፊት ያለው

ተዳፋቱ የሚወጣው በ1000 ቁጥር ድንጋይ ነው (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቅንጣቱ ይደቅቃል)። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሁለቱንም ተዳፋት በማይለቅ ማርከር ቀቡና ሳትጫኑ አምስት ጊዜ አስኪዱት። ቀለሙ እስከ ስለቱ ዳር ድረስ ከለቀቀ ድንጋዩ እየደረሰ ነው። ዳር ላይ ቀጭን የቀለም መስመር ከቀረ አልደረሰም። ተረከዙ ወይም ጫፉ ላይ ብቻ ከቀረ ደግሞ ምላጩ ጠማማ ነው ወይም ድንጋዩ ደልዳላ አይደለም። ቀጥሎ ስለቱን ወደ ላይ አዙራችሁ በመስኮት ብርሃን ወይም በስልክ መብራት ሥር እዩት። የተገናኘ ስለት አይታይም፤ ነጭ ብልጭታ ያለበት ቦታ ሁሉ ገና ዱልዱም ነው። በመጨረሻ የክንድ ጠጉር፤ ምላጩ ቆዳ ላይ ተኝቶ ከተረከዝ እስከ ጫፍ በየቦታው መላጨት አለበት። አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢዘል ወደ ቀጣዩ ድንጋይ አትለፉ። የ1000 ድንጋይ የጎደለውን የ8000 ድንጋይ አይሞላውም፤ ማለስለሻውማ ጭራሽ።

ስለቱ ከተሸረፈ ሽርፍራፊው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ በ1000 መቀጠል ነው። በብርሃን የሚታይ ትልቅ ሽርፍራፊ ካለ ስለቱን ድንጋዩ ላይ አቁሞ እንደ ዳቦ ቢላዋ አንድ ሁለቴ መጎተት መስመሩን ያስተካክላል፤ ከዚያ ተዳፋቱን እንደ አዲስ ማውጣት ነው። ያስደነግጣል፣ ግን ጊዜ ያተርፋል። ዝገቱ ጎድጉዶ እስከ ስለቱ ድረስ የበላው ምላጭ ላይ ግን አትድከሙ፤ ብረት ባነሣችሁ ቁጥር አዲስ ጉድጓድ ዳር ላይ ይደርሳል።

ከ1000 በኋላ 4000 ወይም 5000፣ ከዚያ 8000። በየአንዳንዱ 40 ደርሶ መልስ ይበቃል፤ መለኪያው ግን ቁጥሩ ሳይሆን የፊተኛው ድንጋይ ጭረት መጥፋቱ ነው። አሥር ጊዜ የሚያጎላ የወርቅ ሠሪ ማጉያ ለዚህ ይረዳል። የ8000 ድንጋይ ቅንጣት ከ1 እስከ 2 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ነው። በጥሩ 8000 የጨረሰ ምላጭ ጢም ይላጫል፤ ካልላጨ ችግሩ ከበስተኋላ አለ ማለት ነው።

ድንጋይ ያላገኘ ሰው የመኪና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ በውኃ የሚሠራ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ፣ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር በማያንስ መስታወት ላይ በውኃ አጣብቆ ተዳፋት ማውጣት ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ እንዳያሳስት። የብርጭቆ ወረቀት 2000 ቁጥር ቅንጣቱ 10 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ የሚጠጋው ለ1000 ቁጥር ድንጋይ እንጂ ለ2000 አይደለም። ወረቀቱ ትንሽ ስለሚሰረጉድም ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ እንጂ እያስቀደሙ አይሠሩበትም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል።

ድንጋዮቹ

የተፈጥሮ ድንጋይ ቁጥር የለውም። ሻጭ «12 ሺህ ነው» ቢላችሁ ግምቱን ነው የነገራችሁ። ፋብሪካ የሠራው ድንጋይ ቅንጣቱ ተነፍቶ የተለካ ነው፤ የተፈጥሮው ግን ከአንድ ተራራ የወጡ ሁለት ቁራጮች እንኳ ባሕርያቸው ይለያያል። ስለዚህ እያንዳንዱን በራሱ መልመድ ይጠይቃል።

ኮቲኩል የሚባለው ቢጫው ድንጋይ ቤልጂግ ውስጥ አርደን ከሚባለው ደጋ፣ ቪልሳልም አካባቢ ይወጣል። የሚስለው በውስጡ ያለው ጋርኔት የሚባል ጠንካራ ማዕድን ነው። ቅንጣቶቹ ከ5 እስከ 15 ማይክሮን ስለሆኑ በቁጥር ሲታይ ሸካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ቅርጻቸው ወደ ክብ ያደላ ስለሆነ ጥልቅ ጭረት አይተዉም። ድፍድፍ፣ ማለት በውኃ ሲታሽ ከድንጋዩ የሚወጣው የቅንጣት ጭቃ፣ ሲወጣበት ቶሎ ይበላል፤ በንጹሕ ውኃ ደግሞ እጅግ ዝግ ይላል። አንድ ድንጋይ እንደ ሁለት የሚያገለግለው ለዚህ ነው። ለጀማሪ ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ።

የጀርመኑ የቱሪንጂያ ድንጋይ የሰሌዳ ድንጋይ ዘር ነው። የድሮዎቹ፣ በተለይ ኤሸር የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ ዋጋቸው ከምላጩ በላይ ነው። ለስላሳ ስለት ይሰጣሉ፤ ለመልመድም አያስቸግሩም፤ ለሚጀምር ሰው ግን ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይመከርም።

የጃፓኖቹ ከኪዮቶ ዙሪያ ካሉ ተራሮች የመጡ ናቸው። ናካያማ የታወቀው ስም ነው። ጠንካራው ወገን ለምላጭ፣ ለስለሱ ለቢላዋና ለመላጊያ ይሻላል። ድፍድፉ የሚወጣው ናጉራ በሚሉት ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ሲሠሩበት እየደቀቀ ይሄዳል ይላሉ ሠሪዎቹ። ከመግዛት በፊት ፊቱን አብጠርጥሮ ማየት ይገባል፤ አንዳንድ መስመርና ነጠብጣብ ውስጡ ሸካራ ቅንጣት ይዟል፤ አንዷ ትበቃለች ስለት ለመሸረፍ።

አርካንሳስ ከአሜሪካ የዋሺታ ተራሮች የሚወጣ፣ ሲሊካ ብቻ ነው ሊባል የሚችል ጠንካራ ድንጋይ ነው። ለምላጭ የሚሆኑት ብርሃን የሚያሳልፈውና ጥቁሩ ናቸው። ድፍድፍ አያወጣም። በዘይት ወይም በሳሙና ውኃ ይሠራል፤ 100፣ 200 ደርሶ መልስ እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ የኑግ ዘይት አትጠቀሙ። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ የሚጣበቅ ዘይት ነው፤ የድንጋዩን ፊት ይደፍነዋል። የስፌት መኪና ዘይት ወይም የሕፃናት ቅባት ዘይት ነው የሚሻለው። በዘይት የተሠራበት ድንጋይም ከዚያ በኋላ የዘይት ነው፤ ወደ ውኃ አይመለስም ማለት ይቻላል። ኮቲኩልንና ጃፓኖቹን ዘይት አታስነኩ።

አርካንሳስ ሲቆይ ፊቱ ይለሰልስና መብላት ያቆማል። ወፍጮ ሲለሰልስ እንደሚወቀር ሁሉ ይህም ይወቀራል፤ ልዩነቱ መዶሻ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀት መሆኑ ነው። በ400 ከታሸ ፈጣንና ሸካራ፣ በ1000 ከታሸ ዝግተኛና ለስላሳ ይሆናል። የድንጋዩን ልስላሴ ራሳችሁ ትወስናላችሁ ማለት ነው።

ጎንደር ቀሃ ወንዝ ዳር የሚገኘው ድንጋይስ?

ይህ ጥያቄ አይቀርም። ጎንደር የተቀመጠችው እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ባዝልት ላይ ነው፤ የፋሲል ግንብም የተገነባው በዚሁ ጥቁር ድንጋይ ነው። ባዝልት ለወፍጮና ለመጅ የሚመረጥበት ምክንያት ለምላጭ የማይሆንበትም ምክንያት ነው። ቀዳዳ አለው፤ ጥቃቅኑና ትልልቁ ቅንጣት ተቀላቅሎበታል፤ ስለዚህ እህሉን እየነከሰ ይፈጫል። ምላጭ ላይ ይኸው ንክሻ ሽርፍራፊ ነው። ለማጭድ፣ ለመጥረቢያ፣ ለሽንኩርት ቢላዋ ግን ምን ወጣለት።

ከባዝልቱ ይልቅ የደቀቀ፣ ቀዳዳ የሌለው፣ ቀለሙ አንድ ወጥ የሆነ ድንጋይ ካጋጠማችሁ መሞከር አይከፋም። ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ከተንጫጫና አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ብረት ለመብላት ይለሰልሳል። ካልተንጫጫ ከራሱ የተሰበረ ቁራጭ ይዛችሁ በውኃ እሹት፤ የወጣውን ድፍድፍ በሁለት ጣት መካከል ፈትጉ። አሸዋ ከተሰማችሁ ተዉት። ቅቤ ከመሰለ ጥሩ ምልክት ነው፤ አሁንም ግን በምላጭ ሳይሆን በማያሳዝን መቀስ ጀምሩ፤ የሚተወውን ጭረት በማጉያ እዩ። ሁሉም ዓይነት ጭረት አንድ መጠን ከሆነ ድንጋዩ ወጥ ነው፤ ከመካከል አንድ ሁለት ጥልቅ ጭረት ካለ አይሆንም። በባዝልት ቀዳዳ ውስጥ ተቋጥሮ የሚገኘው ካልሴዶኒ (ቅንጣቱ እጅግ የደቀቀ የኳርትዝ ዓይነት) ደግሞ ጥንካሬው ከኳርትዝ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ እንደ አርካንሳስ ሊሠራ ይችላል፤ ግን ደልዳላ ማድረጉ ቀን ሙሉ ይፈጃል። ባልጩትስ? ባልጩት መስታወት ነው። ራሱ ስለት ይሆናል እንጂ ስለት አያወጣም።

ድንጋይ ስታሹ ሁልጊዜ በውኃ ይሁን። የደረቀ የሲሊካ አቧራ ሳንባን በማይመለስ ሁኔታ ይጎዳል።

ድልዳል

የየትኛውም ድንጋይ ፊት ደልዳላ ካልሆነ የቀረው ንግግር ነው። በእርሳስ በሁለት ሴንቲ ሜትር ልዩነት አግድምና ቁልቁል መስመር አስምሩበት፤ መስታወት ላይ በውኃ የተጣበቀ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ላይ እሹት። መስመሩ መሐል ላይ ብቻ ከቀረ ድንጋዩ ጎድጉዷል፤ ዳርና ዳር ከቀረ አብጧል። የመጨረሻው የእርሳስ ምልክት እስኪጠፋ ቀጥሉ፤ ከዚያ በ1000 ወረቀት ፊቱን ጨርሱ። አራቱንም ጠርዝ ጥቂት አዘንብሉት፤ ሹል ጠርዝ ስለት ይሸርፋል። ሲጨርሱ ድንጋዩን በብዙ ውኃ በጥርስ ብሩሽ ማጠብ ያስፈልጋል። ከወረቀቱ የተረፈች አንዲት ቅንጣት ማለስለሻው ላይ ከቆየች የአንድ ሰዓት ሥራ ገደል ትከታለች።

ስለ ውኃም ይኸው ነው። ውኃ ጠፍቶ ሲመጣ ቧንቧው መጀመሪያ የሚያወርደው ደለል ነው። ጀሪካን ውስጥ አሳድራችሁ ከላይ ከላዩ ቅዱ። በበጋው ንፋስ ደግሞ መስኮት ከፍቶ መሥራት አቧራ መጋበዝ ነው፤ ውኃውም ከድንጋዩ ላይ ቶሎ ስለሚደርቅ ድፍድፉ ሳታስቡት ይወፍራል።

ማለስለሱ

የሚከተለው በኮቲኩል ነው። ለቱሪንጂያ ድንጋይም ድፍድፉን አሳንሶ ይሠራል። ምላጩ 8000 አልፏል፣ የክንድ ጠጉር ይላጫል ብለን እንነሣ።

ድንጋዩን አርጥባችሁ ተንሸራታች ያልሆነ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ከራሱ ዓይነት የሆነች ትንሽ ድንጋይ፣ የዚህ ወፍጮ መጅ በሏት፣ በክብ ክብ እያሻችሁ ድፍድፍ አውጡ። መጀመሪያ የምትፈልጉት እንደ አጥሚት ነው፤ ነጭ፣ ግን የሚፈስ። እንደ ጠላ ድፍድፍ ከወፈረ በዝቷል። ምላጩን በሦስት ጣት ያዙ፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እጀታውና ብረቱ በሚገናኙበት ላይ። ስለቱ እየቀደመ ወደፊት ይሄዳል፣ ዳር ሲደርስ በጀርባው ይገለበጣል፣ ስለቱ እየቀደመ ይመለሳል። ይህ አንድ ደርሶ መልስ ነው። በስለቱ የገለበጠ ሰው ያደረገውን ሁሉ በአንድ ምት አፍርሷል።

ድንጋዩ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ምላጩ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ርዝመት ስላለው በቀጥታ ገፍቶ ሁሉንም ማዳረስ አይቻልም። ስለዚህ ጉዞው ሰያፍ ነው፤ ከተረከዙ ጀምሮ ወደፊት ሲሄድ ወደ ጎን እየተሳበ ጫፉ ላይ ይጨርሳል። ስለቱ ቀጥ ሳይል እንደ ጨረቃ የጎበጠ ከሆነ በጉዞው መሐል የእጅ አንጓን ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጫፉና ተረከዙ ሳይነኩ ይቀራሉ።

ጫና የሚባለውን ነገር እርሱት። የምላጩ ክብደትና አቅጣጫ የሚያስይዝ ጣት ብቻ። ጎኑ በጣም የተጎደጎደ ምላጭ ስለቱ አካባቢ እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ስትጫኑት ይታጠፋል፣ ስለቱም ከድንጋዩ ይነሣል። ሰውየው ይጫናል፣ ምላጩ አይሳልም፣ ሰውየው የባሰ ይጫናል። ዙሩ እንዲህ ነው።

በአጥሚቱ 20 ደርሶ መልስ ስትሄዱ ድፍድፉ ይጠቁራል፤ ጥቁሩ ከምላጩ የተበላ ብረት ነው። ካልጠቆረ እየነካችሁ አይደለም። ከዚያ ጣታችሁን ውኃ ነክራችሁ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩ፤ 15 ደርሶ መልስ። እንደገና ጠብታ፣ እንደገና 15። ስድስት፣ ሰባት ጊዜ እንዲህ ስታደርጉ አጥሚቱ ወተት፣ ወተቱ ቅራሪ፣ ቅራሪው ቀለም ያለው ውኃ ይሆናል። ለምን እንዲህ በዝግታ? ድፍድፍ ውስጥ ያሉት ልቅ ቅንጣቶች ተዳፋቱን ይበላሉ፤ ነገር ግን ወደፊት የሚቀድመው ስለት እየገጫቸው ስለሚሄድ ጫፉን ያደነዝዙታል። ወፍራም ድፍድፍ ቶሎ ይበላል፣ ግን ከተወሰነ ስለት በላይ አያደርስም። ውኃ ብቻ ደግሞ ስለቱን አያደነዝዝም፣ ግን ለመብላት እጅግ ዝግተኛ ነው። ድፍድፉን ጠብ ጠብ እያደረጉ ማቅጠን በሁለቱ መካከል መሰላል መዘርጋት ነው። ከአጥሚት በቀጥታ ወደ ውኃ የዘለለ ሰው ድፍድፉ ያደነዘዘውን በውኃ ለማስተካከል 300 ጊዜ ቢሄድም ላይሳካለት ይችላል።

የውኃውን ጠባይ ተመልከቱ። ምላጩ ሲሄድ ከፊቱ ያለው ውኃ ስለቱን ይወጣና ገጹ ላይ ይንሳፈፋል። ከተረከዝ እስከ ጫፍ እኩል ከወጣ ስለቱ በሙሉ ድንጋዩን ነክቷል። አንድ ቦታ ላይ ውኃው ሥር ሥሩን ካለፈ እዚያ ክፍተት አለ። ማጉያ የሌለው ሰው ይህን ካወቀ ብዙ አይጎድልበትም።

በመጨረሻ ድንጋዩንም ምላጩንም እጠቡ። ንጹሕ ውኃ አፍስሳችሁ ከ50 እስከ 60 ደርሶ መልስ፣ ከሁሉ በቀለለ እጅ። መጨረሻ ላይ ምላጩ ድንጋዩን እንደመሳብ፣ እንደመጣበቅ ይላል። የሁለቱ ገጽ መግጠም ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው።

በጃፓን ድንጋይ የሚለየው፣ ድፍድፉ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሳይታደስ እስኪደቅ ከ40 እስከ 60 ደርሶ መልስ መሠራቱ ነው፤ ውኃ የሚጨመረው እንዳይደርቅ ያህል ብቻ ነው።

ሲበላሽ

ምላጩ ጢም ይጎትታል፣ ግን አይቆርጥም። ከአሥሩ ስምንቱ የተዳፋት ችግር ነው ብዬ እገምታለሁ። ማለስለሻው ላይ መቶ ጊዜ ከመጨመር ማርከሩን አውጡ።

ይቆርጣል፣ ግን ያቃጥላል። ወይ ድፍድፉ በሚገባ አልቀጠነም፣ ወይ ድንጋዩ ላይ የባዕድ ቅንጣት ነበረ፣ ወይ ከታች በምናየው የማፋጫ ቆዳ ላይ በቂ አልተፋጨም። በንጹሕ ውኃ ሌላ 40 ደርሶ መልስ ሄዳችሁ ማፋጫው ላይ መልሱት። ካልተሻለው ወደ 8000 ተመለሱ።

ጠጉር ሲፈተን ድንቅ ነው፣ አንድ ጊዜ ከተላጩበት በኋላ ይሞታል። ይህ የገለባ ምልክት ነው። በጫና ወይም በአንድ ጎን ብዙ በመሳል ብረቱ ሳስቶ ወደ አንድ ወገን ታጥፏል፤ የቆረጠላችሁ ያ ገለባ ነው፣ እሱም ተሰበረ። መድኃኒቱ ስለቱን በራሱ ክብደት ብቻ በመስታወት ጠርዝ ላይ አንዴ መሳብ፣ ከዚያ 8000 ላይ 20 ደርሶ መልስ፣ ከዚያ ማለስለሻው ላይ የመጨረሻው የንጹሕ ውኃ ዙር።

ተረከዙ ብቻ አይቆርጥም። ብዙ ጊዜ ምላጩ እጀታው ሥር ያለው ወፍራም ብረት ድንጋዩ ላይ እየወጣ ነው። ወፍራሙ ብረት ከድንጋዩ ዳር ውጭ እንዲቀር ምላጩን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ እጀታው በኩል ሳቡት።

የጠጉር ፈተናን በተመለከተ፤ ጠጉሩን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ ስለቱ ላይ ማሳረፍ ጥሩ ነው፣ ግን የሁሉም ሰው ጠጉር አንድ አይደለም። ጥቅጥቅ ያለ ጥምዝ ጠጉርና ለስላሳ ሉጫ የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ሁልጊዜ ከአንድ ሰው ጠጉር ሞክሩ፤ የምታወዳድሩት ምላጭ ከምላጭ ይሁን። ጢሙ የሚጠቀለል ሰው ደግሞ በአዲስ ስለት ተደስቶ ተቃራኒውን አይላጭ፤ እጅግ አጭር የተቆረጠ ጥምዝ ጠጉር ወደ ቆዳ ተመልሶ ይገባና ብጉር ያወጣል። ጢሙ ወደሚተኛበት አንድ ዙር ይበቃል።

ቆዳው

ከድንጋይ የወረደ ምላጭ ቀጥታ ፊት ላይ አይወጣም። የሸራ ጨርቅ ላይ 20፣ ቆዳ ላይ 50 ደርሶ መልስ ይፋጫል። እዚህ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። ማፋጫው ስፋቱ ከ5 ሴንቲ ሜትር ባያንስ፣ ርዝመቱ 45 ቢሆን ጥሩ ነው። የበሬ ቆዳ ከቆዳ ሠሪ ይገኛል፤ የምትመርጡት ያልተቀባ፣ ላስቲክ ያልተለበጠበት ይሁን። ብዙ የገበያ ቀበቶ ከላይ ቆዳ መስሎ ፕላስቲክ ነው። አንዱን ዳር ከበር እጀታ አስራችሁ ሌላውን ወጥሩ፤ ከላላ ስለቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ክብ ያደርገዋል። ስትገለብጡ ሁልጊዜ በጀርባው። ቆዳ የቆረጠ ሰው ሁሉ በስለቱ ገልብጦ ነው።

ምላጭ የግል ዕቃ ነው። ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ በደም ይተላለፋሉ፣ ቆዳውም ደም ይይዛል፤ ምላጩንም ማፋጫውንም ለማንም አታውሱ። ፀጉር አስተካካዮች የሚቀየር ምላጭ የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ነው። የሌላ ሰው የነበረን ምላጭ ከመሳላችሁ በፊት አጥባችሁ በ70 በመቶ አልኮል አጽዱ። ቀቅዬ አጸዳዋለሁ ያለ ሰው የቀንድ እጀታውን ይሰነጥቃል፤ የድሮ ሴሉሎይድ (የፕላስቲክ ዓይነት) እጀታ ከሆነማ ሌላ ጣጣ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት የምላጭ ጠላት ነው። ከተላጩ በኋላ አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ቆዳ ላይ አሥር ጊዜ አሽቶ፣ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት መቀባት። እጀታው ውስጥ ታጥፎ እርጥብ የዋለ ምላጭ ስለቱ ላይ የሚያወጣው ዝገት በዓይን ባይታይም ፊት ላይ ይታወቃል። ድንጋዩም ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ኮቲኩል ከኋላ ከተጣበቀው ድንጋይ ሊላቀቅ ይችላል።

ምላጩ መጎተት ሲጀምር ከንጹሕ ውኃው 30 ደርሶ መልስ ሞክሩ። ካልተመለሰ ከቀጭን ወተት ጀምራችሁ አቅጥኑ። አሁንም እምቢ ካለ 8000 ላይ 20። እሱም ካልመለሰው ማርከሩና የ1000 ድንጋዩ።